ልጁን ወስደውበት ዓሣ የሚያጠምደው ሻምበል

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጁን ሽፍቶች የወሰዱበት አባት፣ ፍለጋ በወጣ በማግስቱ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል? አያጠምድም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። አባት መሆንም አያስፈልግም። ሻምበል ግን ያጠምዳል።

ሻምበል የጌም ሰው ነው። እውነተኛ ስሙ ለአፍ ስለማይመች እኛ ቤት ሻምበል እንለዋለን። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጎረቤታችን ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ፕሌይስቴሽኑን ከነጌሙ በአደራ ተወልኝ። አደራ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አቧራ እንዳይጠጣ አልፎ አልፎ ነካ ነካ መደረግ አለበት። እኔ በየቀኑ ነካ ነካ አደረግኩት።

ሥራዬ ማስተማር ነው። አምቦ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ የሚባለውን ነገር ለአሥራ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አጥፍቻለሁ። ስለዚህ ታሪክ ሲዋሽ አውቃለሁ። ተማሪ ድርሰቱን ሲያነብልኝ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስቁሜ መጨረሻውን እነግረዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ትሕትና የለኝም። ቢኖረኝም አልጠቀምበትም።

የሻምበል ታሪክ ሲጀመር ያስለቅሳል። ድሮ ወታደር ነበር። ሚስቱ ስትሞት መቃብሯ ላይ ተንበርክኮ፣ ከእንግዲህ ሰይፍ አላነሳም፣ የሰው ደም አላፈስም ብሎ ይምላል። ከዚያ ሽፍቶች ይመጡና ያለችውን አንዲት ልጅ ይወስዱበታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቶሎ ድረስላት፣ ሰዓት የለህም ይለዋል። ሙዚቃውማ ሆድ ያባባል። እንባዬን በጋቢዬ ጠርጌያለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ?

እሺ፣ ታሪኩ አበቃና ጆይስቲኩ እጃችሁ ገባ። አሁን ሻምበልን የምትነዱት እናንተ ናችሁ። ልጅቷ ዘንድ ትሮጣላችሁ? ካሻችሁ። ካላሻችሁ ግን ዓሣ ይጠመዳል፣ እንጉዳይ ይለቀማል፣ መንደር ተገብቶ ካርታ ይጫወታል። ሦስት ወር ብትቆዩም ልጅቷ እዚያው ዋሻ ውስጥ ትጠብቃለች። አትከሳም፣ አታድግም፣ አባቴ የት ቀረ ብላ አትቆጣም።

መሐላውስ? እሱማ የባሰ ነው። በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ካልተገደሉ በሩ አይከፈትም። ሰባቱን ይገድላል። ቀጥሎ ድልድዩ ላይ አሥራ ሁለት። አብዛኞቹ ስለ ልጅቷ የሰሙትም አይመስለኝም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ከዚያ እንደገና ታሪኩ ይመጣና ሻምበል እሳት ዳር ቁጭ ብሎ፣ እኔ የሰላም ሰው ነኝ ይላል። ልብሱ ላይ የደም ጠብታ የለም። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ይባላል፤ የእሱ ጩቤ ልቡም ውስጥ አይደለም፣ እጁ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስፈርድ ልጅ የሌለኝ እንዳይመስላችሁ። ሲምቦ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። እናቷ ለሊሴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ የሐሮ ወንጪ ልጅ። እሷ ተረኛ በሆነች ቀን ሲምቦን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ተራው የእኔ ነበር። የአምቦን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር ሰውን አይቶ አይደለም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጆች ይለቀቃሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሊሴ ከሥራ ስትመለስ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሲምቦን በራሱ ካፖርት ጠቅልሎ እጇን ይዞ ሲያመጣት መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

በሩ ሲከፈት ተነሳሁና፣ ባጃጅ አጥቼ ነው፣ በዚህ ዝናብ አንድም ባጃጅ የለም አልኩ። ጥሩ አድርጌ ነው ያልኩት። ችግሩ ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነበር። ለሊሴ እጄን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ የልጇን ጫማ አወለቀች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱም አልተነፈሰችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ?

ይቅርታ ጠይቀህ አትገላገልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ቀላል አድርጋችሁታል። ባጃጅ የለም ያልኩ ሰው፣ ባጃጅ በሌለበት ከተማ መኖር አለብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አምቦ የባጃጅ እጥረት ለጎረቤት ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። እሷ ዝም፣ እኔ ባጃጅ። መልእክት የምታመላልሰው ሲምቦ ሆነች። መጀመሪያ ላይ፣ አባዬ፣ እማዬ ምሳ ቀርቧል ብላሃለች ትለኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰለቻትና በጣቷ ወደ ማዕዱ መጠቆም ብቻ ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የለሊሴ ጽሑፍ ነው። "አባቴ ሰኞ ለጉልበቱ ሕክምና ይመጣል። እሱ እስካለ ድረስ ሰላም ነን። ቅዳሜ ሲመለስ እኔና ሲምቦ አብረነው እንሄዳለን።" መቼ እንደሚመለሱ አልተጻፈም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ ባዶ ነው። የዓመት ፈቃዷን ሞልታ ማስገባቷን ደግሞ ከጎረቤት ሰማሁ። ፈራሁ። በግልጽ ልናገር፣ በጣም ፈራሁ። አትሂዱብኝ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ፣ የመሥሪያ ቤት አመል ነው መቼም፣ ከሥሩ "ተመልክቼዋለሁ" ብዬ ፈረምኩበት።

አማቼን ኦቦ ቱሉን አታውቋቸውም። ወንጪ ሐይቅ ለሚመጣ እንግዳ ፈረስ ያከራያሉ። ስማቸው የሚጠራው ግን በፈረሱ አይደለም፣ በሽምግልናቸው ነው። ደም የተፈላለገ ቤተሰብ አስታርቀው ጉማ የሚባለውን የደም ካሣ አውርደዋል። ለሊሴን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሳሰቡኝ፤ ጠብ በቤታችሁ ሳምንት እንዳያድር፣ ካደረ ወደ እኔ ና አሉ። እኔም በሄድኩ ቁጥር፣ አባባ፣ ተጣልተን አናውቅም እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ኮርቼባቸዋለሁ። ስለዚህ ትያትሩን የተቀበልኩት ለለሊሴ ብዬ ብቻ አልነበረም።

ሰኞ መጡ። "አካም ጅርታ ልጄ? ቤቱ ናጋ ነው?" አሉኝ። "ናጋ ነው አባባ" አልኩ። ሰላም ነው ማለቴ ነው። ምሳ ላይ እኔና ለሊሴ ተዋናይ ሆንን። እባክሽ ጨው አቀብይኝ እላለሁ፤ እሺ ትለኛለች። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ምንም አይደል ትላለች። ሲምቦ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን እያየች መብላቷን ረሳች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ግን ኦቦ ቱሉ ዝም ብለው ጎረሱ፤ እኔም በሆዴ፣ ተዋጣልን አልኩ።

ማክሰኞ ዝናብ ነው። ሐኪሙ ብዙ እንዳይሄዱ አዟቸዋል። ለሊሴ ሥራ ላይ ናት። አማችና አማች አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠጥን። ስለ ዝናቡ ተናገርን፤ አለቀ። ስለ በቆሎው ተናገርን፤ እሱም አለቀ። በመጨረሻ በከዘራቸው ወደ ማሽኑ ጠቁመው ይህ ምንድን ነው አሉኝ። የሚሠራበትን ላሳያቸው ወይስ ላሳያቸው? ከፈትኩት።

ታሪኩን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። የመቃብሩ መሐላ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጅቷ ስትወሰድ ምላሳቸውን መጠጡ። ከዚያ ሻምበል አፏጨና ፈረሱ ከጫካ ወጣ። እዚህ ላይ ባለሙያ ናቸው። ፈረሱን ግማሽ ሰዓት ካዩ በኋላ መቼ ነው የሚበላው አሉኝ። አይበላም አልኳቸው። ውሃስ? አይጠጣም። እንግዲያ ፈረስ አይደለም አሉ። ባጃጅ ነው እንዳይሉ ባጃጅም ቤንዚን ይጠጣል።

በሩ ላይ ደረስን። የመጀመሪያውን ጠባቂ መታሁት፤ ወደቀ። ኦቦ ቱሉ ከሶፋው ተቃኑ። ማን ነበር አሉኝ። ጠባቂ ነው። የማን ልጅ ነው? አይናገርም አባባ። ወንድም የለውም? ጌሙ አያሳይም። ሰባተኛው ሲወድቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሻምበል ሰባቱን አሰናብቶ ሲያበቃ፣ የሟቾቹ ጎጆ ያለበት መንደር ገብቶ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ ጠጣ። የመንደሩ ሰው አጨበጨበለት። ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

ሰው የገደለ ሰው፣ አሉኝ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ጉማው ሳይወርድ ከሟች ዘመድ ጋር አንድ ውሃ አይጠጣም። ይህ መንደር ሽማግሌ የለውም እንዴ? ይኖራል ብለው ስላመኑ እንድፈልግ አዘዙኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በጌሙ መንደር ውስጥ ሽበት ያለውን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ አናገርኩ። አንዱ አየሩ ጥሩ ነው አለኝ። አንዱ እንጉዳይ ልሽጥልህ አለኝ። ሦስተኛው አየሩ ጥሩ ነው ብሎ ደገመ። ኦቦ ቱሉ ሁሉንም ተርጉምልኝ እያሉ ሰሙና፣ አገሩ ጠፍቷል ብለው ተቀመጡ።

ረቡዕ ሌላ መላ አመጡ። ሳይገድል ይለፍ አሉ። መሐላው አለ አይደል? ሞከርን። በጨለማው ጥግ አሳለፍኩት፣ በሣር ውስጥ አስኬድኩት፤ ሁሉንም አልፌ በሩ ጋ ብደርስ በሩ አይከፈትም። ሐሙስ ደግሞ ሰይፉን ወንዝ ውስጥ ጣለው አሉኝ። ለመጣል ብሞክር ጌሙ ጽሑፍ አወጣ፤ ይህ ዕቃ አይጣልም ይላል። ተረጎምኩላቸው።

"መሐላው ግን ይጣላል?" አሉኝ።

አሥራ አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነኝ፣ በአንድ መስመር ሰውዬው ቀደሙኝ።

ዓርብ ለሊሴ በጊዜ ገባች። ለማግስቱ መንገድ ልብስ ማጣጠፍ ነበረባት። የሲምቦን ሹራብ ስታጥፍ በበሩ ክፍተት አያታለሁ። ትንሿ ቀይ ሹራብ ናት፣ ለአጭር ጉዞ የማትሆን፣ ክረምቱን እዚያ ለመክረም የምትሆን። ቢሄዱ ቤቱ ምን እንደሚመስል አሰብኩ። ኦቦ ቱሉ ጠሯት፤ ነይ ተቀመጪ፣ የዚህን ነገር ፍርድ ስሚ አሏት። ወንበራቸውን ዞር አድርገው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። በሽምግልና ሲቀመጡ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

የጌሙን ነገር አራት ቀን መርምሬዋለሁ አሉ። ታሪኩን የጻፈው ሰውና ድብድቡን የሠራው ሰው አንድ ቤት ይኖራሉ። ግን አይነጋገሩም። አንዱ ሳሎን ተቀምጦ ለእንግዳ ደግ ደጉን ያወራል፣ ሌላው በጓሮ የፈለገውን ይሠራል። ሁለቱ ቢነጋገሩ ኖሮ ሻምበል ወይ አይምልም፣ ወይ አይገድልም ነበር። ልጁ ተወስዳበትም ዓሣ አያጠምድም።

ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ የሆንኩ ያህል ተነስቼ ትክክል ነው አልኩ። የገጸ ባሕርይ ቃሉና ግብሩ ካልተገናኙ ተደራሲው ያውቃል፣ ማንንም ማታለል አይቻልም፣ እኔ ሁሌም ለተማሪዎቼ እላለሁ፣ ምናምን እያልኩ ረዘም ያለ ነገር ተናገርኩ። ኦቦ ቱሉ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እናንተስ?" አሉ። "መነጋገር ካቆማችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

ለሊሴ ሹራቧን እንደያዘች ቀረች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ አሉኝ። ጀመርኩ። በሰኔ ነው፣ ዝናብ ነበር፣ ተራው የእኔ ነበር፣ ባጃጅ ግን በከተማው ...

"ባጃጅ ነበረ እኮ" አለች ሲምቦ ከአያቷ ጎን። "እኔና ዘበኛው ስንቆጥር ነበር።"

ተቀመጥኩ። ልጄን አየኋት። ተቀይማ አልነበረም፤ ስህተት እያረመች ነበር። በር ላይ ቆማ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ፣ አባዬ በዚህ ይመጣል፣ በዚያ ይመጣል እያለች እንደቆጠረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ላይ የጠራው ግን በአንዴ ነው።

"ባጃጅ አጥቼ አይደለም" አልኩ። "ረሳኋት።"

ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው ብዬ ወደ ለሊሴ ዞርኩ።

"ሻምበልን ልጁን ፍለጋ እየነዳሁት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። እሷንም እየፈለግኩ አልነበረም። ዓሣ እያጠመድኩ ነበር።"

ለሊሴ ትክ ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምን እንደሚመጣ አላወቅኩም። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ያዝክ?" አለችኝ።

"አንድ። ትንሽዬ ናት።"

አፏን በሹራቧ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ቀጥሎ ደግሞ እያለቀሰች ሆነ። ከዚያ ጮኸችብኝ። ያንን ዘበኛ አስቤው እንደማላውቅ፣ ካፖርቱን ለልጄ ሰጥቶ ራሱ በስብሶ እንደመጣ፣ የሦስት ሳምንቱን ሁሉ አወረደችው። እኔም ትክክል ነሽ እያልኩ ተቀበልኩ። ለዘበኛው እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ። ለሲምቦ ያለብኝን ካሣ ራሷ ትወስን ተባለ፤ ብዙ አላሰበችም። ከአሁን በኋላ ዓሣ የለም አለች፤ ሻምበል ቀጥ ብሎ ልጁ ዘንድ ይሄዳል።

ልብሱ ከቦርሳ ወደ ቁም ሣጥን ተመለሰ። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ኦቦ ቱሉን የሸኘኋቸው ብቻዬን ነበር። ለሊሴና ሲምቦ ቤት ቀርተዋል። ስወጣ ለሊሴ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳሎኑን አቋርጬ ጭቃ በማግባቴ ስትጨቀጭቀኝ ነበር፤ እኔም ስመልስላት።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ስናወራ ያሰብኩትን አልኳቸው። እኔ ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ላስተምረው ነው፤ ታሪክና ድርጊት ሲጣሉ አንባቢ እንዴት እንደሚነቃ ማሳያ አድርጌ። አባባ፣ ያ ጌም ባይኖር ኖሮ እኮ አይደርሱብንም ነበር አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ጌሙን ምን አገባው፣ ሰኞ ምሳ ላይ ነው ያወቅሁት አሉኝ። ጨው አቀበለችህ፣ አንተ አመሰገንካት፣ እሷም ምንም አይደል አለችህ። ታዲያ ለምን አራት ቀን ሙሉ ከሻምበል ጋር አንከራተቱኝ ብላቸው፣ ዝናብ ነበር አሉና ተሳፈሩ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ከሚስቴ ጋር አርባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ" አሉኝ። "ስለ ጨው ያመሰገነችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ያደርኩት ጎረቤት ነው።"